ተቆፍሮ የተተወ መሬት እንዴት ይድናል?

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በመስኮት እያየ ቢሄድ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ አፋቸውን የከፈቱ ጉድጓዶች ማየቱ አይቀርም። አንዳንዱ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ይሰፋል፤ አንዳንዱም ከዚያ ይበልጣል። እነዚህ ጉድጓዶች ለመንገዱ መደልደያ የሚሆነው ገረጋንቲ የወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። መንገዱ አልቆ ተመርቋል፤ መኪናውም ይሮጥበታል፤ ጉድጓዱ ግን እንደ ነበረ አለ። ስለ መንገዱ ርዝመትና ስለ ወጣበት ገንዘብ የማይናገር የለም፤ አፈሩን ስለ ሰጠው መሬት ግን ሲነገር አንሰማም።

እኛም ይህን የምንጽፈው ተማሪዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዝም ካሉት ወገን ነበርን። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር ለትምህርት ጉብኝት ወደዚያው አገር ወርደን ሳለ፣ አውቶቡሳችን ጎማው ፈንድቶ ከአንድ እንዲህ ካለ ጉድጓድ አጠገብ ቆመ። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ወርደን ስንዘዋወር አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን እያስተረጎመልን አነጋገርናቸው። መሬቱ የእሳቸው እርሻ ነበር። የካሳ ገንዘብ ተቀብለዋል፤ ገንዘቡም በጊዜው አልቋል። «ሲቆፍሩ መልሰን እናስተካክለዋለን ብለውኝ ነበር። አሁን ክረምት ሲመጣ ውሃ ይሞላል፤ ልጆች ይዋኙበታል። አምና አንድ ፍየል ገብታ ሞተችብኝ፤ ልጅ የገባ ዕለት ምን እላለሁ?» አሉን። ቀጥለውም፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ይህ መሬት መቼ ነው ተመልሶ መሬት የሚሆነው?» ብለው ጠየቁን። አርባ ያህል ሰዎች ነበርን፤ መልስ የሰጠ ግን አንድም አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን በኋላ ካነበብነው፣ ከጠየቅነውና በእጃችንም ሞክረን ከተሳሳትነው የተጠናቀረ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የተቆፈረ መሬት ለምን በራሱ ሣር እንደማያበቅል ነው። ብዙ ሰው ዝናብ ስለሌለ ይመስለዋል። ነገር ግን ከጉድጓዱ አፍ አምስት እርምጃ ወጣ ብሎ ያለው መሬት ያንኑ ዝናብ እያገኘ ሣርም ግራርም ያበቅላል። ልዩነቱ ያለው በአፈሩ ነው። የመሬት ሕይወት የተከማቸው ከላይ ባለው አንድ ስንዝር ወይም ቢበዛ ሁለት ስንዝር አፈር ውስጥ ነው። የበሰበሰው ቅጠል፣ ሥርን የሚረዱት ደቃቅ ሻጋታዎች፣ ትሎችና ነፍሳት የሚኖሩት እዚያ ነው። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ካለፉት ዓመታት የረገፈው የሣርና የቁጥቋጦ ዘር ጊዜውን እየጠበቀ የተኛው በላይኞቹ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ውስጥ ነው። ቡልዶዘሩ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ጠርጎ የሚጥለው ይህንኑ ነው። ለቆፋሪው ይህ አፈር የማይረባ ነገር ነው፤ የሚፈልገው ከሥሩ ያለውን ገረጋንቲ ነውና።

እንግዲህ መድኃኒቱ የሚጀምረው ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ነው። የላይኛው አፈር ለብቻው ተገፍቶ ከጎርፍ መንገድ ራቅ ባለ ቦታ መከመር አለበት። ክምሩም እንደ ጤፍ ክምር ወደ ላይ መቆለል የለበትም፤ ከሁለት ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከፍ ብሎ የተከመረ አፈር ውስጡ አየር ያጣል፤ በውስጡ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት ያልቃሉ፤ ዘሩም ይበሰብሳል። በቆየም መጠን እየሞተ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ ጉድጓዱን በክፍል በክፍል ይቆፍራል፤ ከሁለተኛው ክፍል የገፈፈውን አፈር ሳያከማች በቀጥታ ወደ ተጨረሰው ወደ አንደኛው ክፍል ይመልሳል። ይህ ዘዴ የሚጠይቀው ተጨማሪ ማሽን ሳይሆን ቀደም ብሎ ማሰብን ብቻ ነው፤ ምናልባት ብርቅ የሆነውም ስለዚህ ይሆናል።

እኛ የደረስንበት ጉድጓድ ግን ይህ ሁሉ ካለፈው በኋላ ነው። የላይኛው አፈር በከፊል በጉድጓዱ ዳር ተከምሮ ነበር፤ የቀረውን ጎርፍ ወስዶታል። እንዲህ ያለውን ቦታ ለሚያገኝ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው የፌሮ ፈተና ነው። የሰው ቁመት ያህል የሆነ ቀጭን ፌሮ ወስዶ በሁለት እጅ ወደ መሬት መጫን ነው። እኛ ከጉድጓዱ ውጭ ስንሞክር ፌሮው በእርጥብ መሬት ያለ ብዙ ጭንቀት ገባ፤ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ግን አራት ጣት ያህል ገብቶ ተጣመመ። በመካከላችን ጉልበቱ የታወቀው ጓደኛችን ተነሥቶ ቢሞክርም ያው ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጭነት መኪናና የማሽን ሰንሰለት ለወራት ሲመላለስበት መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ተጠቅጥቋል። ፌሮ ያልገባበት መሬት ሥርም ውሃም አይገባበትም።

ሁለተኛው የብርጭቆ ፈተና ነው። ንጹሕ የዝናብ ውሃ በብርጭቆ ሞልቶ፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል ደረቅ የአፈር ጓል ቀስ ብሎ መክተትና ሳይነካኩ መጠበቅ ነው። ጓሉ ፈርሶ ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረ ደኅና ነው። በጓሉ ዙሪያ እንደ ወተት ያለ ደመና እየተነሣ ውሃውን ካደፈረሰው ግን አፈሩ ሶዲየም የበዛበት፣ በውሃ የሚሟሟ ዓይነት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን አፈር ጎርፍ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እየቦረቦረ ዋሻ ያወጣበታል፤ ዘር ቢዘሩበትም ከነዘሩ ይሄዳል። መፍትሔው ጂፕሰም መቀላቀል ነው፤ በጂፕሰሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይወስድና የአፈሩን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። የእኛ ጉድጓድ ይህን ፈተና አልፏል።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ከየኪሳችን አዋጥተን ሮደስ የሚባለውን የሣር ዘር ገዛንና ወደ ሽማግሌው ዘንድ ተመለስን። ከጉድጓዱ ጎኖች ለዘብ ያለውን መርጠን በአካፋና በሬክ አስተካከልነው። እንደ ቤት ወለል ለሰለሰ፤ ፎቶግራፍም ተነሣንበት። ዘሩን በትነን ደስ ብሎን ተመለስን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንሄድ ያገኘነው ነገር ያሳፍራል፤ ከተዳፋቱ ግርጌ እንደ ቀሚስ ጥለት የቀጠነ አረንጓዴ መስመር ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ራቁቱን ነው፤ ጎርፉም ጣት ጣት የሚያህል ቦይ አውጥቶበታል። ዘራችን አልሞተም፤ ተሰብስቦ ታች ወርዷል።

የጠፋን ነገር ይህ ነው፤ የለሰለሰ ተዳፋት ለዓይን ያምራል እንጂ ለዘር ጠላት ነው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። ራቁት አፈር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቱን ይበታትነዋል፤ ደቃቁ ዱቄት የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍንና ሲደርቅ እንደ እንጀራ ጀርባ ያለ ቅርፊት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ውሃ መግቢያ አጥቶ ይንሸራተታል፤ በመንገዱም ያገኘውን ዘር ይዞ ይሄዳል። ሻካራ መሬት ግን በየጎድጓዳው ውሃውንም ዘሩንም ያስቀራል። በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች ቡልዶዘሩን ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲነዳ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ የሰንሰለቱ ጥርስ ዱካ ተዳፋቱን በአግድም ይሸነትረዋል፤ እያንዳንዱም ዱካ ትንሽ እርከን ይሆናል። በአግድም ቢነዳ ግን ዱካው ቁልቁል ይሆንና ለጎርፍ ቦይ ጠራጊ ይሆናል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ «ይህ ምን ዓይነት ያልተስተካከለ ሥራ ነው?» ብሎ ማስለስለሻ እንዳያዝ፣ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በ2016 ዓ.ም. ሥራውን እንደገና ስንጀምር ከዘሩ በፊት ውሃውን ያዝን። ከጉድጓዱ አፍ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርን፤ የላይኛው አገር ጎርፍ በእኛ ተዳፋት ላይ እንዳይወርድ ማለት ነው። ቦዩንና እርከኑን ለመስመር ውድ መሣሪያ አላስፈለገንም፤ ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎና አንድ የግንበኛ ውሃ ልክ በቂ ነው። የጉድጓዱን ወለል ማሽን ቢያገኝ፣ ከኋላው በሚጎተት ጥርስ እስከ ግማሽ ሜትር ጥልቀት፣ የመሬቱን ደረጃ ተከትሎ፣ አፈሩ ደረቅ ሳለ ሊታረስ ይገባው ነበር፤ በእርጥቡ ቢታረስ ይለሰናል እንጂ አይሰነጠቅም። እኛ ማሽን ስላልነበረን በዶማና በመቆፈሪያ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጎድጓዶች አወጣን። የጨረቃው ሆድ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ታች ነው፤ ከላይ የሚወርደውን ውሃ አቅፎ ይይዛል።

ይህ አሳብ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በቡርኪና ፋሶ በያቴንጋ አውራጃ ገበሬዎች ዛይ የሚሉትን ትናንሽ ጉድጓድ በደረቁ ወቅት ቆፍረው ጥቂት ፍግ ይጨምሩበታል፤ ምስጦች ፍጉን ፈልገው ሲመጡ የደረቀውን መሬት ይበሱታል፤ ዝናብ ሲመጣም ውሃው በዚያው ይሰርጋል። ያኩባ ሳዋዶጎ የተባለው ገበሬ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚህ ዘዴ የሞተ መሬት አስነሥቶ ጫካ አብቅሏል፤ ያረፈውም እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በኔጌቭ በረሃም የጥንት ናባታውያን ከሰፊ ኮረብታ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ጠባብ እርሻ እየሰበሰቡ ያርሱ ነበር። የዕጽዋት ሊቁ ሚካኤል ኤቨናሪና ጓደኞቹ ይህንኑ አብዳ በተባለው ቦታ አድሰው እንደሚሠራ አሳይተዋል። በዓመት 100 ሚሊሜትር ገደማ በሚዘንብበት ቦታ አንዱን ሄክታር እርሻ ለማጠጣት ከ20 እስከ 30 ሄክታር ኮረብታ ያስፈልገው ነበር። ትርጉሙም፣ በደረቅ አገር ሁሉንም ቦታ ለማልበስ መመኘት ከንቱ ነው፤ ጥቂቱን ቦታ ራቁቱን ትቶ ውሃውን ለሌላው መስጠት ይገባል ማለት ነው። እኛም በጨረቃዎቹ መካከል ያለውን መሬት ሆን ብለን ተውነው።

ስለ ዘሩ ብዛት አንድ ሒሳብ እናስቀምጥ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ወደ 0.3 ግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ፤ በአንድ ሄክታር ቢበተን በካሬ ሜትር ከ300 በላይ ይደርሳል። የብዙዎቹ የሣር ዘሮች መጠንም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ዘር ሳይሆን ዘሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ደቃቅ ዘር ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ከተቀበረ አይወጣም፤ ከላይ ከቀረም ጉንዳንና ወፍ ይለቅመዋል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መዝራት፣ ከዚያም የእሾህ ቅርንጫፍ እየጎተቱ በስሱ ማልበስ ጥሩ ነው።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በሐምሌ መዝራት እንደሚያስጠርግ አይተናል። ዝናቡ ሳይጀምር በደረቁ መዝራት ይሻላል፤ ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ በሰኔ መጀመሪያ አንድ ዝናብ ጥሎ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። የበቀለው ሁሉ ያን ጊዜ ይደርቃል። በእኛም ላይ ይኸው ደርሷል። ደግነቱ ዘራችንን በሙሉ አልዘራንም ነበር፤ ሲሶውን በጆንያ አስቀርተን ስለ ነበር በሐምሌ አጋማሽ በጨረቃዎቹ ውስጥ ደገምነው። ሰርዶውን ግን አልዘራነውም፤ ሰርዶ ከዘሩ ይልቅ በግንዱ ይራባል። ከመስኖ ቦይ ዳር ነቅለን፣ ሁለት ሦስት አንጓ እንዲኖረው ቆራርጠን፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ረገጥነው። የግራርን ዘር ደግሞ ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውሃ አፍስሰንበት ሌሊቱን ዘፍዝፈነው አደርን፤ አብጦ ያደረውን ብቻ ተከልን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቶሎ የሚያድግ የውጭ ዛፍ ለምን አታመጡም?» ይሉናል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ በአፋር አለ። ፕሮሶፒስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በረሃውን ያለማል፣ አፈር ይይዛል ተብሎ የተተከለ ዛፍ ነው። አፈር መያዙስ ያዘ፤ ግን የአርብቶ አደሩን የግጦሽ መሬትና የውሃ ዳር ጭምር ይዞ ቀረ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1932 ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሪዞና አንድ ሣር አመጡ፤ ሣሩ ከጤፋችን ጋር በአንድ ወገን የሚቆጠር ነው። ከተዘራበት ወጥቶ የአገሩን ሣር እየገፋ ብዙ ቦታ ወሰደ። ስለዚህ በአጠገቡ ባለው ያልተነካ መሬት ላይ የበቀለውን አይቶ፣ ከዚያው ዘር መልቀም ይመረጣል። ሰንበሌጥ፣ አክርማ፣ ክትክታ ማንም ሳይንከባከባቸው የሚበቅሉ ናቸው። ቬቲቨር ከሆነ እኛም አንጠላውም፤ ሥሩ ቁልቁል በሜትር የሚቆጠር ይወርዳል፤ ዘሩ ስለማይበቅል አይወርርም፤ በአሥርና በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ርቀት በአግድም ከተተከለ ሕያው አጥር ይሆናል። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ውሃ ካላገኘ ይደርቃል፤ ውሃ የሚሸከምለት ሰው በሌለበት ቦታ ተክሎ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው።

ከዘሩ በኋላ መሬቱን ማልበስ ይከተላል። በመጽሐፍ የሚታዘዘው በሄክታር ከ40 እስከ 50 ኩንታል ጭድ መበተን ነው። ይህን ለሽማግሌው ስንነግራቸው እስኪበቃቸው ሳቁ። «ጭዱን ለመሬት ከሰጠሁ ለበሬዬ ምን ልሰጠው ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ጭድ በሚተርፍበት አገር ነው። በምትኩ ያደረግነው ድንጋይና የግራር ቅርንጫፍ መጠቀም ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፤ የዝናብን ጠብታም ይከላከላል። የግራሩ እሾህ ጥላ ይሰጣል፤ ነፋስ ይሰብራል፤ ከሁሉም በላይ ፍየል ያስፈራል።

የፍየልን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ባይገባ ይሻለዋል። በትግራይና በሌሎችም ቦታዎች ከከብት የተከለሉ ኮረብታዎች ዘር ሳይዘራባቸው በጥቂት ዓመታት ሣርና ቁጥቋጦ ለብሰው ታይተዋል። ችግሩ አጥሩ ሳይሆን የአጥሩ ጠባቂ ነው። ሰው የሚጠብቀው የሚጠቀምበትን ነገር ነው። ስለዚህ ከብቱ እንዳይገባ፣ ሣሩ ግን በማጭድ ታጭዶ ወደ ቤት እንዲወሰድ ተስማማን፤ ያውም ዘሩን ካራገፈ በኋላ።

ወጪው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሳንነካ አናልፍም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ትላልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የሚያደርሱት ጉዳት እንዲጠና ያዛል። በመንገድ ሥራ ውሎችም ውስጥ የተቆፈረው ቦታ እንዲስተካከልና አፈሩ እንዲመለስ የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ግን ይህ ሥራ የሚመጣው በመጨረሻ፣ ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ሲጫን፣ ገንዘቡም ሲያልቅ ነው። ሥራ ተቋራጩ ያን ጊዜ ነገሩን እንደ አህያዋ ያየዋል፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብላለችና። መሬቱ በሣር ተሸፍኖ አንድ ክረምት እስኪያልፍበት ድረስ የመጨረሻው ክፍያ የተወሰነ ክፍል ተይዞ ቢቆይ፣ ጉድጓዱን የሚያስታውስ ሰው አይታጣም የሚል አሳብ አለን። የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ቢጽፉ ደስ ይለናል።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ስንሄድ ቦታው እንዲህ ነበር። በጨረቃዎቹ ውስጥ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ሰርዶውም ከጨረቃው ወጥቶ ወደ ታች መሳብ ጀምሯል። ግራሮቹ ከተተከሉት ጥቂቶቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ቁመታቸውም ስንዝር አይሞላም። ፊት ለፊት ያለው ቀጥ ያለው ግድግዳ አሁንም ይፈርሳል፤ እሱን ማሽን ካላስተኛው በቀር በእጅ የሚሆን አይደለም። ውሃው ለሚሞላበት ለጉድጓዱ ወለልም ገና መላ አላገኘንለትም፤ ለጊዜው ዙሪያውን በእሾህ አጥረን ልጆች እንዳይወርዱ አድርገናል።

ሽማግሌው ዘሩ ሳይራገፍ ከዳር ዳር ሁለት ነዶ ያህል አጭደው ለጥጃቸው ወስደው ኖሯል። ማጭዱ ከወገባቸው ተሽጦ ስናየው እሳቸውም አዩን፤ እኛም ስለ ጥጃዋ ጤንነት ጠየቅናቸው።